ውሻችሁ የበላውን መልሶ ሲተፋ፦ የምግብ ቧንቧ ሕመምን ለይቶ የመያዝ መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ በእንስሳት ሕክምና ለሚሠራ ሰው የበዓል ማግስት የአጥንት ሳምንት ነው። ፋሲካም ይሁን አረፋ ለውጥ የለውም። ስልኬ ይጮኻል። «ዶክተር፣ ውሻው የበላውን ሁሉ ያስታውከዋል» ይሉኛል።

አንዱን አልረሳውም። ሳቢያን ውስጥ ነው። ቡቺ የሚባል ቡናማ ውሻ ከውሃ በርሜሉ ጥግ ቆሟል። አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቷል። ከከንፈሩ ወፍራም ልጋግ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ውሃ ላሰ ላሰ አደረገ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው ከነአረፋው ተመልሶ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሆዱ ግን ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም። የቤቱ ባለቤት እናት ለሦስት ቀን የጨጓራ ሽሮፕ ሲሰጡት ከርመዋል። ችግሩ ጨጓራው ጋ አልነበረም። የበግ አከርካሪ ቁራጭ ደረቱ ውስጥ፣ ከልቡ ወደ ኋላ፣ የምግብ ቧንቧው ላይ ተቀርቅሮ ነበር።

እነዚያ ሦስት ቀናት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። ይህን የምጽፈውም በእነሱ ምክንያት ነው። ምግብን ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚያወርደው ቧንቧ ሲታመም፣ የምርመራው ግማሽ የሚካሄደው እናንተ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ካልታየ እኛ ጋ ሲደርስ መሽቷል።

ከሁሉ በፊት፦ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ

ልጋጉ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ አፉን መግጠም ያልቻለ ውሻ ስታዩ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» የሚል ሐሳብ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ልክ ይህን ይመስላል። በሽታው የመንጋጋና የጉሮሮ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል። ውሻው የግድ አይናከስም፣ አይሮጥም። ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ሊተኛ ይችላል። ባለቤቱ አጥንት ፍለጋ እጁን ይከታል፤ በልጋጉ ይለከፋል። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ክትባቱን በጊዜው ወስዷል? ባለፉት ወራት የማታውቁት ውሻ ወይም ጅብ ነክሶታል? ጠባዩ ተለውጧል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል? ሐረር ላላችሁ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። እናንተ ጋ ጅብ ሌሊት ጁገል ውስጥ ሳይቀር ይዘዋወራል፤ ከውሻ ጋር ይጣላል።

አንዱ እንኳ ካጠራጠራችሁ አትንኩት። ክፍል ውስጥ ለብቻው ዝጉበትና ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከነከሳችሁ ወይም ልጋጉ ቁስላችሁን ከነካ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ዓይን ወይም አፍ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቡት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ክትባቱን አይተካም።

መትፋት ነው ወይስ ማስታወክ?

ይህ ከተለየ ብዙው ነገር ተለየ። ጊዜ ስጡት።

የሚያስታውክ እንስሳ አስቀድሞ ያስታውቃል። ከንፈሩን ይልሳል፤ ምራቁን ደጋግሞ ይውጣል፤ ይቅበጠበጣል። ከዚያ ሆዱ ይኮማተራል፣ ጎኑ ይሸበሸባል፣ መላ ሰውነቱ ይገፋል። የሚወጣው በከፊል የተፈጨ ነው። ቢጫ ሐሞት ካለበት ጉዳዩ የጨጓራ ወይም የአንጀት ነው።

የሚተፋው ግን ምንም አያስታውቅም። አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምግቡ ይወድቃል። በቃ። ሆዱ አይሠራም። የወደቀውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንጀራው እንጀራ ነው፤ ሩዙ ሩዝ ነው። በነጭ አረፋና በንፍጥ ተለውሷል። ብዙ ጊዜ ቅርጹ እንደ ቋሊማ ረዘም ያለ ነው፤ ቧንቧው ነው እንደዚያ የቀረጸው። ውሻው ራሱ ዞሮ መልሶ ሊበላው ይችላል።

ሰዓት ብቻውን አይፈርድም። ቧንቧው ከላላ ምግቡ እዚያው ተከማችቶ ለሰዓታት ሊቆይና ከዚያ ሊወጣ ይችላል። «ከበላ ቆይቷል፤ ስለዚህ ከጨጓራው ነው» አትበሉ። የሆዱን እንቅስቃሴ ተመልከቱ።

ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ። ከጎን ሆናችሁ፣ አንገቱም ሆዱም በአንድ ላይ እንዲታይ አድርጋችሁ። እኔ ጋ ከሚመጡት ባለቤቶች መካከል ብዙዎቹ «ያስታውካል» ብለው ይነግሩኛል። የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ሲያሳዩኝ ግን መትፋት ሆኖ አገኘዋለሁ። ቪዲዮው ከደም ምርመራ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ስትመጡ ውሻው ቢያስታውክ ያንን አትቁጠሩት። መንገዱ ነው።

ሳትመጡ የምትመዘግቡት

ዕድሜው ስንት ነው? ችግሩ የጀመረው ቡችላው ጡት ጥሎ ጠንካራ ምግብ ሲጀምር ነው ወይስ ካደገ በኋላ? በድንገት መጣ ወይስ ቀስ በቀስ? ፈሳሹ ይወርዳል፣ ጠንካራው ብቻ ይመለሳል? ወይስ ሁለቱም እኩል ይመለሳሉ? ባለፉት ሦስት ሳምንታት በማደንዘዣ ተኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል? ክኒን ወስዷል? የመዥገር መድኃኒት ተረጭቷል? ልጋጉ በዝቶ፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ፣ ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የጸረ ተባይ መመረዝ ሊሆን ስለሚችል መልስ ሳትጠብቁ አምጡት።

ክብደቱን መዝኑ። ውሻውን አቅፋችሁ የሰው ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ። የሰውነት ሙቀቱ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ከሆነ ደህና ነው። ትንፋሹን ደግሞ ቁጠሩ፤ ግን በቀን አይደለም። ድሬ ላይ ሰባት ሰዓት ላይ የማያለከልክ ውሻ የለም። ጎሕ ሲቀድ፣ ተኝቶ ሳለ፣ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቁጠሩ። በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ሳንባው ያሳስበኛል። የሚተፋ እንስሳ ምግቡ ትን ይለውና ወደ ሳንባው ይገባል። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ቧንቧው ሳይሆን ይህ የሳንባ ምች ነው።

አንገቱን ሰላማዊ ከሆነና የእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ ከሌለ ብቻ ዳብሱ። ቧንቧው አንገት ላይ ወደ ግራ ያደላል። እብጠት ወይም ሲነካ የሚያመው ቦታ ካለ አስታውሱት። ድመት ከሆነች ምላሷ ሥር የተጠመጠመ ክር ካያችሁ እንዳትስቡት። ሌላው ጫፍ አንጀት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ሲሳብ አንጀቱን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።

ክሊኒክ ስትደርሱ

ዋናው ምርመራ የአንገትና የደረት ራጅ ነው። ቢያንስ ከጎንና ከላይ ይነሳ። ከተቻለ ሳይደነዝዝ ይነሳ፤ ማደንዘዣ ራሱ ቧንቧውን ስለሚያላላው የሌለ በሽታ ያለ ያስመስላል። አጥንት ብዙ ጊዜ በግልጽ ይታያል። የላላ ቧንቧ በአየር ተሞልቶ ይታያል። ግልጽ ካልሆነ ባሪየም የሚባል፣ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር በምግብ ተለውሶ ይሰጥና እንደገና ራጅ ይነሳል። ቧንቧው ተበስቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ግን ባሪየም አይሰጥም። በአዮዲን የተሠራ ፈሳሽ ነው የሚመረጠው፤ ባሪየም ደረት ውስጥ ከፈሰሰ ጉዳቱ ከባድ ነው።

የእንስሳት ራጅ በየክሊኒኩ አይገኝም። ሳትነሱ ደውላችሁ «ራጅ አላችሁ? ኢንዶስኮፕስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢንዶስኮፕ በአፍ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ እዚያም ደውላችሁ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጠይቁ። የተቀረቀረ ነገር ያለበት ውሻ ይዞ ከበር በር መዞር ሰዓት ይበላል።

የተቀረቀረ አጥንት

ውሻ ላይ በብዛት የምናየው ይህ ነው። አጥንቱ የሚቆመው ቧንቧው በሚጠብባቸው ቦታዎች ነው፦ ጉሮሮ መግቢያው ላይ፣ ደረት መግቢያው ላይ፣ ልብ አጠገብ፣ እና ከሁሉም በላይ በልብና በድያፍራም (ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ) መካከል።

ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። አጥንቱ በቆየ ቁጥር ግድግዳውን ይጫነዋል፣ ደም ያግደዋል፣ ይበሳዋል። በዚያው ቀን መውጣት አለበት፤ ለነገ አይባልም። እናንተ የምታደርጉት ምግብና ውሃ ማንሳት ብቻ ነው። ዘይት አታጠጡት። ዳቦ አታጉርሱት። በጨው ውሃ ለማስታወክ አትሞክሩ። በእንጨት አትግፉት። «እኔ ዘይት ሰጥቼው ወርዶለታል» የሚላችሁ ጎረቤት አይጠፋም። ትን ብሎት ዘይቱ ሳንባው የገባውን ውሻ ግን እኔ አይቻለሁ።

ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ በኢንዶስኮፕ ይስበዋል። ወደ ላይ አልወጣ ካለ በጥንቃቄ ወደ ጨጓራ ይገፋዋል፤ አጥንት በጨጓራ አሲድ ይሟሟል። ሁለቱም ካልሆነ ደረት መክፈት ይመጣል። ቡቺ ላይ ያደረግነው ሁለተኛውን ነው። በቅባት የራሰ ቱቦ ይዘን፣ እስትንፋሳችንን ውጠን። ወረደ።

ግን በዚያ አላበቃም። አጥንቱ የነበረበት ቦታ ቁስል ነው። ቁስል ሲድን ይኮማተራል፤ ቧንቧው ሊጠብ ይችላል። ይህ የሚታየው ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እናትየው በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሾርባው ይወርድለታል፤ ዳቦውን ግን ተፋው» አሉኝ። ፈሳሹ ወርዶ ጠንካራው ከተመለሰ የመጥበብ ምልክት ነው። የከፋ ጥበት በፊኛ እየተነፋ ይሰፋል፤ አንዴ አይበቃም፣ ይደጋገማል። የቡቺ ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚበላው ሁሉ ለስላሳ ነው።

የበዓል አጥንት ከውሻ ይራቅ። የዶሮውም፣ የበጉም፣ የፍየሉም። የወጥ ትርፍራፊም እንደዚያው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያጠፋል።

የቆሰለ ቧንቧ፣ በተለይ የድመት

ጁገል ውስጥ አንዲት ልጅ ግራጫ ድመቷን በሻሽ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ድመቷ ለጉንፋን ዶክሲሳይክሊን ታዝዞላት ነበር። ልጅቷ በየቀኑ ግማሽ ክኒን ጉሮሮዋ ውስጥ ትጥልላታለች፤ በትክክል፣ ሳታጓድል። ውሃ ግን አታስከትልም። ማንም አልነገራትም። በሰባተኛው ቀን ድመቷ ሳህኑ ጋ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ አንዴ ትውጥና አንገቷን ዘርግታ ትጮኻለች።

ደረቅ ክኒን የድመት ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዶክሲሳይክሊንና ክሊንዳማይሲን ደግሞ የተጣበቁበትን ቦታ ያቃጥላሉ። ማንኛውንም ክኒን ከሰጣችሁ በኋላ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ውሃ በስሪንጅ፣ በአፏ ጎን፣ ቀስ አድርጋችሁ ስጧት። ወይም ትንሽ እርጥብ ምግብ አስከትሉ። ይህች አንዲት ልማድ ብዙ ድመት ታድናለች።

ቧንቧ በሌላም ምክንያት ይቆስላል። በማደንዘዣ ጊዜ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲፈስ፣ በረኪና የመሰለ ኬሚካል ሲላስ፣ ማስታወክ ሲበዛ። ሕክምናው በአብዛኛው አንድ ነው። አሲድ የሚቀንስ ኦሜፕራዞል፣ ቁስሉን የሚሸፍን ሱክራልፌት በውሃ ተሟሙቶ በባዶ ሆድ፣ እና ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ከሰው መድኃኒት ቤት ገዝታችሁ በግምት አትስጡ። ሕመሙን ለማስታገሥ ብላችሁ ፓራሲታሞል ለድመት አትስጡ፤ ይገድላታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሁለቱም መርዝ ናቸው።

ትሉና ጢንዚዛው

ይህን በአጭሩ ልንገራችሁ። ስፓይሮሰርካ ሉፒ የሚባል ትል በሞቃት አገር ውሾች ላይ ይገኛል። ፋንድያና ዓይነ ምድር የምታንከባልለው ጢንዚዛ ውስጥ ያድጋል። ውሻው ጢንዚዛዋን፣ ወይም እሷን የበላ እንሽላሊትና ዶሮ ሲበላ ትሉ ይገባበታል። በትልቁ የደም ሥር ግድግዳ አልፎ የምግብ ቧንቧው ላይ እባጭ ይሠራል። አንዳንዱ እባጭ ቆይቶ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ያደገ ውሻ እየከሳ፣ እየተፋ፣ አንዳንዴም ደም እየቀላቀለ ከመጣ ይህን ጠይቁ። ዶራሜክቲን ይሠራል፤ በሐኪም እጅ ግን። ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን ቤት ውስጥ መውጋት ይቅር። መጠኑ ሲሳሳት ያሳብዳል፣ ያሳውራል፤ የኮሊ ዝርያ ያለበትን ውሻ በትንሹም ሊገድል ይችላል። የግቢውን ዓይነ ምድር በየቀኑ ማንሳት ዋናው መከላከያ ነው።

የላላ ቧንቧ፦ ከዚህ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው

ቧንቧው ጡንቻው ሰንፎ እንደ ባዶ ከረጢት ሲሰፋ ሜጋኢሶፋገስ ይባላል። ምግብ በክብደቱ ካልወረደ የሚያወርደው የለም። አንዳንዱ አብሮት ይወለዳል፤ ጀርመን ሸፐርድ ከተጋላጮቹ አንዱ ነው። ቡችላው ከእናቱ ጡት እስካለ ደህና ነው፤ ጠንካራ ምግብ ሲጀምር ይተፋል፣ ከወንድሞቹ ያንሳል። እዚህ ላይ የግድ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ያለቦታው በቅሎ ቧንቧውን እንደ ቀለበት ሲያንቀው ምልክቱ ተመሳሳይ ነው። ያ በቀዶ ሕክምና ይፈታል፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል።

ካደገ በኋላ ለሚመጣው ምክንያት ይፈለግ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል የነርቭና የጡንቻ መገናኛ በሽታ ግንባር ቀደም ነው። የአድሬናል እጢ ድካምና የእርሳስ መመረዝም ይጠየቃሉ፤ አሮጌ የመኪና ባትሪ ግቢ ውስጥ ካለ ተናገሩ። ምክንያቱ ተገኝቶ ከታከመ ቧንቧው ሊሻለው ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያት አይገኝም።

ያኔ ሐኪሙ ውሻው ቀጥ ብሎ መብላት እንዳለበት ይነግራችኋል። ሳህኑን በርጩማ ላይ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ የፊት እግሩ መሬት ላይ እስካለ ቧንቧው ጋደም እንዳለ ነው። ደረቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጠው። ከዚራ ሠፈር ያሉ አንድ አባት አናጺ ነበሩ፤ ለቡችላቸው ከኮምፔርሳቶ ጠባብ ሣጥን ሠሩለት። ከፊቱ አገጩን የሚያሳርፍበት ጠርዝ፣ ከጀርባው አሮጌ ብርድ ልብስ። ቡችላው ሣጥኑን ሲያይ ራሱ ዘሎ ይገባ ጀመር። ለትንሽ ውሻ በፕላስቲክ ጀሪካን አናቱን ቆርጦ መሥራትም ይቻላል፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በጨርቅ ሸፍኑት። ድመት ሣጥን አትወድም። ትከሻችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ አብሉት። በልቶ ሲጨርስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እዚያው ቀጥ እንዳለ ይቆይ። ይህችን ሰዓት ማንም አይወዳትም፤ ልዩነቱን የምትፈጥረው ግን እሷ ናት። የምግቡን ውፍረት በሙከራ ነው የምታገኙት። አንዱ እንደ አጥሚት የቀጠነ ይወርድለታል፤ ሌላው ገንፎ፤ ሌላው ደግሞ የተቀቀለ የተፈጨ ሥጋ በእጅ ተድቦልቡሎ ሳያኝክ ሲውጠው ይሻለዋል። አንዱን ለሦስት ለአራት ቀን ሞክሩ፤ ስንቴ እንደተፋ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። በአንድ ቀን ሦስቱን ከቀያየራችሁ ምንም አትማሩም።

ውሃ ከጠንካራው ይልቅ ያስቸግራል። ሳህኑን ግቢ ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ። ግን ይህ ድሬዳዋ ነው፤ ውሃ የነፈጋችሁት ውሻ በሙቀት ይሞታል። ሣጥኑ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ በተደጋጋሚ አጠጡት፤ በሙቀቱ ወራት ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ። ውሃውን በጀላቲን አርግታችሁ ቆራርጣችሁ መስጠትም ይሠራል። ሌሊት ፎጣ ጠቅልላችሁ አንገቱ ላይ እንደ ትራስ አድርጉለት፤ ጭንቅላቱ ከደረቱ ከፍ ካለ ልጋጉ ወደ ኋላ አይመለስበትም።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር። ሜቶክሎፕራማይድ «ምግብ ያወርዳል» ተብሎ በቀላሉ ይታዘዛል። የውሻ ምግብ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች የሚሠራው እንደ እጅና እግር ጡንቻ ባለ ጡንቻ ነው፤ ይህ መድኃኒት እሱን አያንቀሳቅስም። የጨጓራውን በር ስለሚያጠብቅ እንዲያውም ምግቡን ሊያግደው ይችላል። ድመት ላይ የታችኛው ሲሶ ሌላ ዓይነት ጡንቻ ስለሆነ ጉዳዩ ይለያል። ሲልዴናፊል ለአንዳንድ ውሾች ጠቅሟል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በየሳምንቱ መዝኑት። በየንጋቱ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሁሉን አድርጋችሁ ክብደቱ መውረዱን ካላቆመ ምግብ በቀጥታ ወደ ጨጓራ የሚያስገባ ቱቦ ስለማድረግ ተነጋገሩ። የሳንባ ምቹ እየተመላለሰ እንስሳው የሚሠቃይ ከሆነ ደግሞ ሥቃዩን ስለ ማሳጠር ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ያፍራሉ። አትፈሩ፤ እኛም እናውቀዋለን።

ሳል ከጀመረ፣ ካተኮሰው፣ ተኝቶ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ድዱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ሣጥኑ ጋ ሲጠሩት ካልመጣ አንድ ሌሊት አታሳድሩ። ያንን ምግብ ዝለሉት። ደረቱን ቀና አድርጋችሁ ያዙትና ኑ፤ ቪዲዮውንና የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ።